ቡና ይዞ ቴፒ መውረድ

ሰው ንብረቱን በቅጡ የሚያውቀው ጭነት መኪና ላይ ሲጫን ነው። ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ አልጋው አልጋ፣ ወንበሩ ወንበር፣ ሳጥኑም ሳጥን መስሎ ተከባብሮ ይኖራል። ጎረቤት ቆሞ እያየ አንድ በአንድ ወደ ደጅ ሲወጣ ግን አልጋው በአንድ በኩል በጡብ ተደግፎ ይኖር እንደነበረ ይታወቃል። ወንበሩ መደገፊያ የለውም። የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፎታል። ይህ ሁሉ ጉድ እስከዛሬ የት ተደብቆ ነበር? እኔ በበኩሌ ጠላቴ ዕቃዬ ሲጫን ከሚያይ ገበናዬን ራሴ ቁጭ ብዬ ባወራው እመርጣለሁ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ ካስተማርኩ በኋላ አንድ ቀን የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ቴፒ ተመድበሃል ይላል። ለምን? ተብሎ አይጠየቅም። በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ይነበባል እንጂ አይጠየቅም። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ደርሰህ ሪፖርት እንድታደርግ፣ ይህ ባይሆን ግን፣ ይልና ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ላይ ማኅተም አርፎበት አይነበብም። ባይሆን ምን? የሚያስፈራው እሱ ነው። ማኅተሙን በመስኮት ብርሃን እያገላበጥኩ ብዙ ታገልኩ፤ አልተነበበም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያን ካርታ ሰሌዳ ላይ ስስል፣ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ስደርስ ቀይ ጠመኔ አንስቼ ነጠብጣብ የማደርግ ሰው ነኝ። ይህ ምንድን ነው? ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ቡና ይለኛል። ጎበዞች እላቸዋለሁ። እኔም እነሱም አይተነው አናውቅም።

እዚያው ደብረ ብርሃን የምትኖረው እናቴ ግን ቴፒ ስላት የሰማችው በረሃ የሚለውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በረሃ አላልኩም። ለእሷ ከጅማ ወዲያ ያለ አገር ሁሉ በረሃ ነው፤ በበረሃ ደግሞ ሰው ያለ ቡና ራሱን ታሞ ይሞታል። ስለዚህ ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚደርሳትን ቡና ለራሷ አላፈላ ብላ ማጠራቀም ያዘች። እማዬ፣ የምሄደው እኮ ቡና አገር ነው፣ ጫካው ራሱ ቡና ነው አልኳት። አንተ የምታውቀው በወረቀት ነው፣ እኔ የማውቀው በሰልፍ ነው አለችኝ። እንደምትለው ቡና እንደ ልብ ከሆነ እኔ ለግማሽ ኪሎ ከማለዳ ጀምሬ የምሰለፈው ምን ቆርጦኝ ነው? አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ይህ ጥያቄ በጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ብቻ አንድ ቀን ይሁን፣ እንዳልክ አለችና ተወችው። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እናቴ ስትረታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የምሄድ ለት አዲስ ትራስ ሰፍታ ሰጠችኝ። አነሳሁት፤ ከበደኝ። ምንድን ነው ይኸ? ብላት ጥጥ ነዋ፣ ደህና ጥጥ ይከብዳል አለችኝ። ዲፕሎማ ያለኝ ሰው፣ ደህና ጥጥ ይከብዳል ሲሉኝ አምኜ ትራሴን አቅፌ ወጣሁ።

ዕቃዬን በሌላ መኪና አዲስ አበባ አደረስኩ፤ ከዚያ የጫነኝ ከቴፒ ጣውላ ሊያመጣ ባዶውን የሚወርድ አንድ አሮጌ ጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ፤ የእናቴ ጎረቤት ዘመድ ናቸው። መኪናዋን ልጄ ነው የሚሏት። ዳገት ላይ ሲሆኑ አይዞሽ ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ሲሆኑ ቀስ ልጄ ይሏታል። እኔን ግን መምህር ከማለት በቀር ሌላ ነገር ብለውኝ አያውቁም። ከኋላ እኔን የመሰለ ንብረት ተጭኗል፦ የብረት አልጋ፣ ፍራሽ፣ ያ መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ ሳጥን ሙሉ መጽሐፍ፣ በራሴ ደመወዝ የገዛሁት የዓለም ሉል። ትራሱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ፍራሹ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ።

ቦንጋን አልፈን ጫካው ሲጀምር ከመስኮቱ ተለጠፍኩ። እኔ ዛፍ ብዬ የማውቀው ባሕር ዛፍ ነው፦ ተተክሎ፣ ተቆጥሮ፣ ዘበኛ ተቀጥሮለት። ይህን ዛፍ ግን ማን ተከለው? ጫፉን ለማየት አንገቴን በመስኮት ባወጣ ኮፍያዬ ወደቀ፤ ጫፉን ግን አላየሁም። ግንዱን አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ጉሙ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይሻገራል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ በየጥጉ ይወርዳል። እና ከሥር፣ በዚያ ጥላ ውስጥ፣ ማንም ሳይደክምለት፣ ቡና። ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ፍሬው ገና ያልቀላ፣ መንገዱ ዳር ድረስ ወጥቶ የመኪናችንን ጎን የሚዳብስ ቡና። ፈራሁ ብል ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይታሰብ የገባሁ መሰለኝና እጄ ሳላዘው ወደ ራሴ ሄደ፤ ኮፍያዬ ግን ቀድሞ ወድቋል። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን በቀይ ጠመኔ ነጠብጣብ አድርጌ ያለፍኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ያስተማርኳቸውን ልጆች ሰብስቤ ይቅርታ ብጠይቅ ደስ ባለኝ። ጋሽ ታፈሰ ይህን ሁሉ አያውቁም፤ መምህር፣ አፍህን ግጠም፣ ዝንብ ይገባል አሉኝ።

ሚዛን ተፈሪን አልፈን ወደ ቴፒ ስናመራ አንዲት ኬላ አለች። በዚያን ዘመን ቡና ከዚያ አገር የሚወጣው በመንግሥት እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው አንዲት ጣሳ እንኳ ይዞ ቢወጣ ወንጀል ነው። ስለዚህ ፊናንሶቹ፣ የኬላው ፈታሽ ፖሊሶች፣ የሚፈትሹት የሚወጣውን ነው። የሚገባውን ማን ይፈትሻል? በዚያ ጠዋት የነበረው ፊናንስ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ገመዱን ለቀቀልን። ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን አወዛወዙለት፤ አለፍን።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ሄደን፣ ጭቃ የበዛበት ዳገት መሃል፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አይንቀሳቀስም። ጋሽ ታፈሰ ሞተሩን አጠፉና መሪውን ይዘው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀረቀሩ። ፍሪሲዮኑ አበቃለት አሉኝ በመጨረሻ። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው በሞተሩና በጎማው መካከል ያለ ሽማግሌ ነው፣ ሽማግሌው ከሞተ ሁለቱ በየቤታቸው ይጮኻሉ እንጂ አይገናኙም አሉ። በሕይወቴ ከሰማሁት የመካኒክ ትምህርት ሁሉ የገባኝ ይኸው ብቻ ነው።

ብዙ ከተቀመጥን በኋላ ከቴፒ በኩል አንድ የእርሻ ትራክተር መጣ። ነጂው ጳውሎስ የሚባል የቤንች ሰው ነው፤ ቁጥብ ነው፣ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ያያል። ወደ ቴፒ ጎትተን ብለን ለመንነው። የጉዞ ወረቀቴ ሚዛን ይላል፣ ወደ ሚዛን ከሆነ እጎትታለሁ አለ። ጋሽ ታፈሰም ሚዛን ይሻላል፣ መካኒክ የማውቀው እዚያ ነው አሉ። ጳውሎስ ወረደና ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ ለካው፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከጎማው ሥር ነጠፈ፤ ሰንሰለቱን አሰረ፤ ከዚያ ያንን የሚያክል መኪና በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ፊቱን አዞረው። ጋሽ ታፈሰ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሾፌር ናቸው፤ እንዲህ ያለ አላየሁም አሉ። እኔማ ምን እላለሁ፤ ሳላስበው አጨበጨብኩ።

አሁን እንግዲህ መኪናችን ፊቷ ወደ መጣችበት ሆነ። ይህች ትንሽ ነገር ምን እንደምታመጣ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ? ኬላው ስንደርስ የጠዋቱ ፊናንስ ተነሥቶ ቆሟል፤ ሌሎች ሁለት ተጨምረዋል፤ የኬላው ኃላፊም ከቢሮው ወጥቷል። እየወጣን ነዋ። ሲገቡ ባዶ ነበሩ አለ ፊናንሱ፣ ባዶ ገብተው ተበላሸብን ብለው የሚመለሱ ስንት አሉ አለ። እውነትም ለካ የታወቀ ዘዴ ኖሯል። ጫካ ገብቶ ጭኖ፣ ተበላሸሁ ብሎ ተጎትቶ መውጣት። እኛ ሳናውቅ ሙያውን አጥንተን የመጣን መስለን ቆምን።

ፈተሹን። ሳጥኑን ከፍተው መጽሐፉን አንድ በአንድ አራገፉት። የዓለሙን ሉል አንዱ ፊናንስ አንስቶ ከጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ምንም አልተሰማውም፤ ዓለም ባዶ መሆኗን ያረጋገጠ ሰው እሱ ነው። ከዚያ ፍራሹን ፈቱትና ትራሱን አገኙት። ጆንያ የሚወጉበት ሹል ብረት አላቸው፤ መሃሉ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ነው። ትራሴን ወጉት። ብረቱ ሲወጣ ቦዩ ላይ ሦስት ፍሬ ቡና ተቀምጦ ወጣ።

ጋሽ ታፈሰ ዞር ብለው አዩኝ። በመጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ግን፣ ማርያምን፣ አከበሩኝ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብሬያቸው ስጓዝ እንዲያ ባለ ዓይን አይተውኝ አያውቁም።

እናቴ ናት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ረጋ ብሎ፣ ጓድ መምህር፣ ኮንትሮባንዲስት ሁሉ እናት አለው አለኝ። ቡናው ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው ብዬ ስነግረው ፈገግ አለ። ወደ ወንዝ ውሃ ቀድቶ የሚሄድ ሰው አለ ትለኛለህ? አለኝ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ልዋሽህ አልችልም ብዬ ብመልስለት ደግሞ፣ እንግዲያው ቡናው የት እንደሚገኝ አስቀድመህ ታውቅ ነበር ማለት ነው ብሎ ጻፈው። አፌን ባልከፍት ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን አሁን ስጽፈው ያስቃል። ያን ለት አላሳቀኝም። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች፤ አንድ ጊዜ ስምህ አጠገብ ከተጻፈች መቼ ከቤትህ እንደምትገባ የሚነግርህ የለም። ኃላፊው እሷኑ ቃል ሲጽፋት አየሁ። ትራሱ ኤግዚቢት ሆኖ ከእኔ ጋር ወደ ሚዛን ሊላክ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይሆን እስር ቤት ነው የምወርደው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አልኩ በልቤ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት እናቴን ተቀየምኳት።

ይኸኔ ያ ዝምተኛው ጳውሎስ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ፣ እማማ ዘይነባ ይዩት አለ። ይህን ብቻ ነው ያለው። ግን ፊናንሶቹ ሁሉ ተያዩ፤ ኃላፊውም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለካ እዚያ አገር ወጉ ነው፤ ቡና ሰውን ሲያጣላ፣ ያንተ ነው የኔ ነው፣ አሮጌ ነው አዲስ ነው ሲባል፣ እማማ ዘይነባ ያዩታል። እሳቸው አንዴ ከተናገሩ በኋላ ክርክር የለም። እማማ ዘይነባ ከኬላው ጎን ሻይና ዳቦ የሚሸጡ የጅማ ሰው ናቸው፤ ባላቸው በዘመናቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡ። ማንንም አላዩም። ትራሱን ይተርትሩት አሉ፤ ተተረተረ፤ ከጥጡ መሃል አንድ የተሰፋ ከረጢት ወጣ። ጭብጥ አድርገው አወጡና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት።

ሳሙና አሉ። ቀጥለው ላምባ አሉ። ይህ ቡና ከሳሙናና ከላምባ ጋር አንድ ቤት ከርሟል፣ በእኛ አገር ቡና ከሳሙና ጋር አያድርም አሉ። እኔ የቀበሌያችን ሱቅ ፊቴ ድቅን አለ፤ በግራ የሳሙናው ካርቶን፣ በቀኝ የላምባው በርሜል፣ መሃል ላይ የቡናው ጆንያ። ማን ነገራቸው? ደብረ ብርሃንን በሕልማቸውም አያውቋትም። ከዚያ አንዲት ፍሬ ነከሱ፤ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። የጠዋቱ ፊናንስ እንኳ ሹል ብረቱን መሬት አስቀምጧል።

ቡናው የኛው ነው አሉ።

ፊናንሱ አላልኳችሁም? ሊል አፉን ሲከፍት፣ እማማ ዘይነባ እጃቸውን አነሡና አስቆሙት። የኛው ነው፣ ግን ከዚህ ከወጣ ቆይቷል፣ ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ ነጥቷል፤ ጣዕሙ ሄዷል፤ ደህና ደህናው ተመርጦ ባሕር ተሻግሯል፣ ይህ ከወንፊት ሥር የቀረው ነው አሉ። ብል የበሳውን፣ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን እያነሡ አሳዩን። ከዚያም ከመቀነታቸው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ፈትተው የራሳቸውን ቡና ከጎኑ አስቀመጡ። አረንጓዴ ነው፤ እንደ እሸት ባቄላ ወዝ አለው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ቡና ነው እያልኩ ስጠጣ የኖርኩት ያንን የነጣውን ነው። ተገርሜም አላበቃሁ።

እማማ ዘይነባ ግን አልጨረሱም። ከረጢቱ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አግብተው ከሥር ዘግነው አወጡና ዘረጉት። ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ኃላፊውን፣ አንተ፣ ና እስቲ፣ እዚህ ውስጥ ጠጠር ታያለህ? አሉት። የለም። ገለፈት ታያለህ? የለም። ይህን የመሰለ ውዳቂ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ፍሬ በፍሬ ለቅማዋለች፣ ከማይረባው የሚሻለውን ስትመርጥ ስንት ቀን እንደፈጀባት አላህ ይወቀው፤ እዚህና እዚህ ያመለጣት ዓይኗ ስለደከመ ነው፣ እጇ ግን አልሰነፈም አሉ። ኮንትሮባንዲስት ቡና ይለቅማል? ብለው ጠየቁት። ኮንትሮባንዲስት ሲሰርቅ ጠጠሩንም አፈሩንም አፍሶ ነው የሚሄደው፣ እንዲህ የምትለቅም እናት ናት አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ ዓይኗን ያማታል አይደል? አሉኝ።

ያማታል አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላት ጎረቤቷ ናት፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ እሳቸው ከአንድ ጭብጥ ቡና አነበቡት። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፤ ካርታ አነባለሁ፤ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ግን ወንጀል እንጂ እናቴን አላየኋትም ነበር። አለቀስኩ። ጋሽ ታፈሰ ጉም ነው፣ ጉም ዓይን ያስለቅሳል እያሉ ለሰዎቹ ያስረዱልኛል።

ኃላፊው ያቺን ቃል ሰረዛት። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሌላ ወረቀት አወጣ። ሰውየውስ ነጻ ነው፣ ቡናው ግን ያለ ፈቃድ ሲወጣ ተገኝቷልና ይወረሳል አለ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ደረጃ የሚል ቦታ አለ። እማማ፣ ስንተኛ ደረጃ ልበለው? አላቸው። ለዚህማ ደረጃ የለውም፣ መጋዘን አስገብተኸው የኛን ቡና እንዳያስነውረው አሉት። ኃላፊው ከረጢቱን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ የነጣች ፍሬ አንስቶ አሸተተና መለሳት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና፣ ጓድ መምህር፣ ይዘኸው ሂድ አለኝ። ያ መንግሥት መሬት ወርሷል፣ ትርፍ ቤት ወርሷል፣ ወፍጮና ፋብሪካ ወርሷል። አይቶ፣ አሽትቶ፣ ይቅርብኝ ብሎ የተወው ሀብት የእናቴ ቡና ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፍሪሲዮኑ ሚዛን ላይ ሦስት ቀን ፈጀ። ቴፒ ስገባ ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ሪፖርት አደረግኩ፤ ሰው ሆንኩ። በተከራየሁት ቤት ደጃፍ ሳይቀር ቡና በቅሏል። ያን ሳምንት ተቀምጬ ለእናቴ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ እማማ ዘይነባ ነገርኳት፤ ግን ዳግመኛ እንዳትልክ ብዬ ጉዳዩን ጠበቅ አድርጌ አስረዳኋት፤ ኬላ ላይ ፊናንሶች ሹል ብረት ይዘው የመንገደኛውን ፍራሽና ትራስ እየወጉ ቡና እንደሚፈልጉ፣ ሲያገኙም ኃላፊው ራሱ ወጥቶ እያሸተተ እንደሚያይ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩላት።

መልሷ በወሩ መጣ፤ ጎረቤቷን አስጽፋ ነው። ልጄ ሆይ፣ ትለኛለች፣ መንግሥት የሰው ትራስ ወግቶ ቡና እስኪፈልግ ድረስ ያ አገር እንደዚያ የተቸገረ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አምስት ኪሎ ብቻ አልሰጥህም ነበር፤ አሁን አሽትቶ ለመለሰው ለዚያ ምስኪን ኃላፊም የሚሆን እየለቀምኩ ነውና እስኪደርስህ ያለህን ቆጥበህ ጠጣ።